አንድ ሰው ከዳር ይቅር

(ከዝግጅት ክፍሉ፦ ይህ ጽሑፍ በክረምቱ መግቢያ በመጠለያችን የስብሰባ ዳስ ለወጣቶችና ለወላጆች የተሰጠ ንግግር ነው። ተናጋሪው ቀደም ሲል በካርቱም ከተማ በሪያድ ሰፈር ይኖሩ የነበሩ፣ ዛሬ በመጠለያችን በመጀመሪያ እርዳታ በጎ ፈቃደኛነት የሚያገለግሉ ወገናችን ናቸው። በዕለቱ ያልተገኙ እንዲያነቡት፣ ማንበብ ለማይችሉም እንዲነበብላቸው በማሰብ ንግግሩን ሙሉ በሙሉ አትመነዋል።)



ስለ ውሃ ንግግር እንደማደርግ ሲሰማ፣ «ስለ ቧንቧው ሰልፍ ከሆነ እኛም የምንናገረው አለን» ያላችሁ እንዳላችሁ ደርሶኛል። ስለ ቧንቧው የውሃ ኮሚቴው ይመልስ። እኔ የመጣሁት ገላችንን ስለምንታጠብበት፣ ልብስ ስለምናጥብበት፣ ልጆቻችን ስለሚንቦጫረቁበት የወንዝና የኩሬ ውሃ ለመናገር ነው። ዝናቡ ጀምሯል። ባለፈው ወር ደርቆ የነበረው ኾር ዛሬ ይፈሳል፤ ሐፊሩም እየሞላ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ ናቸው። ስለዚህ ጉዳዩ ለሌላ ጊዜ የሚቀጠር አይደለም።

የዓለም የጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ በመላው ዓለም 300,000 ያህል ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል። ከ100 ሟቾች 92ቱ የድሃና የመካከለኛ ገቢ አገሮች ሰዎች ናቸው። ከጠቅላላው ሟቾች አንድ አራተኛ ያህሉ ደግሞ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ጁላይ 25፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 18 ቀን፣ የመስጠም አደጋን የመከላከያ ቀን ሆኖ በየዓመቱ እንዲታሰብ ወስኗል። ቀኑ የሚውለው አባይ መሙላት በሚጀምርበት ሰሞን መሆኑ ለእኛ ጥሩ ማስታወሻ ነው።

ነገር ግን ዛሬ እዚህ ያቆመኝ ቁጥሩ አይደለም። በሪያድ ሳለሁ ያየሁት አንድ ዓርብ ነው።

የሪያድ ዓርብ

ከመካከላችሁ ካርቱም የኖራችሁ ሪያድን ታውቁታላችሁ። ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 ከመጀመሩ በፊት ባለጠጎች የሚኖሩበት፣ ትላልቅ ቪላ ቤቶች የተደረደሩበት ሰፈር ነበር። የእኛም ሰው በብዛት ይሠራበት ነበር፤ ሴቶቹ በቤት ሠራተኝነት፣ ወንዶቹ በዘበኝነት፣ በአትክልተኝነትና መኪና በማጠብ። እኔም ዘበኛ ነበርኩ። ዕረፍታችን ዓርብ ብቻ ነው። ዓርብ ሲመጣ ከፊሉ ወደ ዴም፣ ከፊሉ ወደ ጅሬፍ ዘመድ ጥየቃ ይሄዳል። ገንዘብ ያጠረን ደግሞ በመንሺያ በኩል ወደ ምሥራቅ በእግራችን እንወርድና ጥቁር አባይ ዳር እንቀመጣለን።

እዚያ ስንቀመጥ ወሬያችን አንድ ነው፤ «ይህ ውሃ የመጣው ከእኛ አገር ነው» እንባባላለን። ከጣና የወጣ ነው፣ ጎጃምን የዞረ ነው እያልን ስንቆጥር፣ ወንዙ ደብዳቤ ያመጣልን ይመስለን ነበር። እንዳንፈራው ያደረገንም ይኸው ይመስለኛል። ዘመድ እንዴት ይፈራል?

አንድ የነሐሴ ዓርብ አራት ሆነን ወረድን። ሳሙናና ልብስ ይዘናል። አንዳችን የምንጠጣውን ውሃ በጀሪካን ይዞ መጥቶ ስለነበር፣ ጠጥተን ስንጨርስ ባዶውን ከዳር አስቀመጥነው። ነጠላችንንም አጣጥፈን እላዩ ላይ ጣልነው። ከዚያ አራታችንም ውሃ ውስጥ ገባን።

ከመካከላችን አንዱ የደጋ ልጅ ነው፤ ዋና አይችልም። እስከ ወገቡ ገብቶ ይታጠብ ነበር። ሳሙናው ከእጁ አመለጠውና ሁለት እርምጃ ተከተለው። ሦስተኛውን እርምጃ ሲያነሣ የሚረግጠው መሬት አልነበረም። አልጮኸም። እጁም እንደምናስበው ወደ ላይ አልተውለበለበም። አፉ ከውሃው በላይ አንዴ ብቅ፣ አንዴ ጥልቅ ሲል መጀመሪያ ያየው ባሕር ዳር ተወልዶ ያደገው ጓደኛችን ነው። ይህ ልጅ ዋናን የተማረው ገና በሕፃንነቱ ጣና ዳር ነው፤ እንደ ዓሣ ነበር። ልብሱን እንኳ ሳያወልቅ ሄደለት፤ ደረሰበትም። የሰጠመው ልጅ ግን አንገቱ ላይ ተጠመጠመበት። ሁለቱም ወረዱ። ትንሽ ራቅ ብለው ታዩን፤ ደግሞ ወረዱ።

ከዳርቻው ዝቅ ብሎ አንድ ሱዳናዊ ዓሣ አጥማጅ በጀልባው ነበር። ገመድ የታሰረበት ባዶ ጀሪካን ወረወረ። ዋና የማይችለው ልጅ ጀሪካኑን ያዘና ተጎትቶ ወጣ። ዋናተኛው አልወጣም። በሦስተኛው ቀን በቡሪ በኩል ተገኘ።

እኔና አራተኛው ጓደኛችን የት ነበርን? ውሃ ውስጥ፣ ቆመን እየጮኽን። ባዶው ጀሪካናችን ከዳር ነበር። ነጠላችን ከዳር ነበር። ከዳር ያልነበረው ሰው ነው። እዚያ አንድ ሰው ቢቀመጥ ኖሮ ያንን ጀሪካን ለመወርወር ስንት ቅጽበት ይበቃው ነበር? ይህንን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተገላገልኩትም።

ሌላም ነገር ልንገራችሁ። ፖሊስ ሙሉ ስሙን ሲጠይቀን የምናውቀው በቅጽል የምንጠራበትን ብቻ ነበር። የአባቱን ስም የሚያውቅ ከመካከላችን አልነበረም። የቤተሰቡን ስልክ ፍለጋ ቀናት ፈጀብን። በመጨረሻ እናቱን ስናገኝ፣ እሳቸው ያሉኝ ይህን ነው፦ «የእኔ ልጅ ዋና ይችላል፤ ሌላ ሰው ይሆናል፣ እስቲ ደህና አድርጋችሁ እዩት።»

ዋና ማወቁ ለምን አላዳነውም?

የእናቲቱ ቃል ከአእምሮዬ ስላልጠፋ፣ ከዚያ በኋላ የሚያውቁትን ሁሉ ጠየቅኩ። ዓሣ አጥማጆቹን፣ የመጀመሪያ እርዳታ አስተማሪዎችን፣ የጅሬፍን ሰዎች። የተረዳሁትን በአጭሩ ላስረዳ።

አንደኛ፣ የሐይቅ ዋናና የወንዝ ዋና አንድ አይደለም። ሐይቅ ውስጥ ሲደክማችሁ ብትንሳፈፉ ያላችሁበት አካባቢ ናችሁ። በነሐሴ አባይ ውስጥ ስትንሳፈፉ ግን ውሃው ይዟችሁ ይሄዳል፤ የገባችሁበት ዳርቻ ወደ ኋላ ይቀራል። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው አባባል ለጨዋታ የተነገረ አይደለም። ከላይ ጸጥ ብሎ የሚታየው ውሃ ከሥር ይጎትታል።

ሁለተኛ፣ ዳርቻው ራሱ ያታልላል። በጅሬፍና በአካባቢው ያለው የጥቁር አባይ ዳርቻ ሱዳኖች «ከማይን» የሚሏቸው የጡብ ማቃጠያዎች የነበሩበት ነው። ለጡቡ የሚሆነው ጭቃ የሚቆፈረው እዚያው ከዳርቻው ነው። በበጋ ጉድጓዱ ይታያል፤ ወንዙ ሲሞላ ግን ውሃው ጉድጓዱንም ሜዳውንም እኩል ይሸፍነዋል። ውሃው ደግሞ ከደጋችን አፈር ተሸክሞ ስለሚመጣ ጥቁር ነው፤ የእግራችሁን ጣት አታዩም። ወገብ ድረስ የነበረ ሰው በአንድ እርምጃ ከቁመቱ በላይ ወደሆነ ገደል ሊገባ ይችላል። ወንዙ በየዓመቱ ደለሉን ስለሚያነሣና ስለሚጥል አምና የምታውቁት ቦታ ዘንድሮ ያው ቦታ አይደለም።

ሦስተኛ፣ የሚሰጥም ሰው ያገኘውን ሁሉ ይይዛል። ክፋት አይደለም፤ ነፍሱ ናት። እናቱም ብትሆን የምትመጣለት አንቆ ይይዛታል። ስለዚህ በባዶ እጁ ለማዳን የሚገባ ሰው ሁለተኛው ሟች የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህንን ለማወቅ እኔ ጓደኛዬን ከፍያለሁ። እናንተ በነፃ ውሰዱት።

የወንዙ ጠባይና ወቅቱ

ነጭ አባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ በኩል ረጅም መንገድ ተጉዞ ስለሚመጣ ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም። ጥቁር አባይ ግን የእኛ ክረምት ልጅ ነው። ሐምሌ ላይ መነሣት ይጀምራል፤ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ ይሞላል። ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙት ሱዳኖች አል ሙቅረን በሚሉት ቦታ ቱቲ ደሴት አጠገብ ነው። እዚያ ሁለቱ ውሃዎች በቀለም ተለይተው ጎን ለጎን ሲሄዱ ማየት ደስ ይላል። ደስ የሚለው ግን ከዳር ሆኖ ሲታይ ነው፤ ሁለት ኃይል በሚጋጭበት ቦታ አዙሪት አለና።

የሙላቱን ኃይል ያላየ ካለ እ.ኤ.አ. በ2020 የሆነውን ያስታውስ። በዚያ ዓመት ጥቁር አባይ ካርቱም ላይ 17 ሜትር ተኩል ያህል ደርሶ እስከዚያ ከተመዘገበው ሁሉ በለጠ። በመላው ሱዳን ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ መንግሥትም የሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2018 ደግሞ በሰሜን በኩል በናይል ላይ ተማሪዎች የጫነች ጀልባ ኃይለኛውን ፍሰት መቋቋም አቅቷት ስትሰጥም ከ20 በላይ ሕፃናት አልቀዋል። ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት እየሄዱ ነበር። ስለዚህ በሙላት ወራት ከልኩ በላይ በተጫነ ጀልባ አንሳፈር፤ «ቀጣዩን እጠብቃለሁ» ማለት አያሳፍርም።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨምሯል። የህዳሴው ግድብ እ.ኤ.አ. በ2020 ውሃ መያዝ ጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በሱዳን ውስጥም የሮሴሬስና የሰናር ግድቦች አሉ። ሰቲት የምንለው ወንዝም በላይ በኩል የተከዜ ግድብ አለበት። ግድብ ያለበት ወንዝ በደመና ብቻ አይሞላም፤ በር ሲከፈትም ይነሣል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ውሃው ግን ሊጨምር ይችላል። በመሆኑም «በዚህ ወር ወንዙ ጎዶሎ ነው» የሚለውን የቆየ እውቀታችንን ይዘን ዘለን አንግባ። መጀመሪያ የአካባቢውን ዓሣ አጥማጅ እንጠይቅ። ከውሃው ጠርዝ እንጨት ተክለንም ውሃው ወደ እንጨቱ እየወጣ መሆን አለመሆኑን እንይ። እየወጣ ከሆነ ልብሳችንን ሰብስበን እንነሣ።

ባንዲራ የሌለው ዳርቻ

በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ እንደ ማልታ፣ ቆጵሮስና የግሪክ ደሴቶች ያሉ ቦታዎች አሉ። በበጋ ብዙ ሕዝብ ለመዋኘት ይሄድባቸዋል። ሰው የሚበዛባቸው ዳርቻዎች ባንዲራ ይሰቀልባቸዋል፤ አረንጓዴ ሲሆን ውሃው ጸጥተኛ ነው፣ ቢጫ ሲሆን ተጠንቀቁ ነው፣ ቀይ ሲሆን አትግቡ ነው። የሚዋኝበት ቦታ በተንሳፋፊ ምልክት ታጥሮ ሞተር ጀልባ እንዳይገባበት ይደረጋል። ከፍ ባለ ወንበር ላይም ሰው ይቀመጣል። ይህ ሰው ሥራው መዋኘት አይደለም፤ ሥራው ማየት ነው። አጠገቡ ገመድና ተንሳፋፊ ጎማ አለ። ልብ በሉ፤ ከእነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ ዋና የሚችሉ ናቸው። ሆኖም ከዳር የሚቀር ሰው ሳያቆሙ አይገቡም።

በዚያው ባሕር ላምፔዱዛ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 2013 ከዳርቻዋ አንድ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ስደተኞች የጫነች ጀልባ ተቃጥላ ሰጠመች። ከ360 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ከኤርትራ፣ አንዳንዶቹም ከሌሎች የቀጣናችን አገሮች የተነሡ ነበሩ። ካርቱም ውስጥ ለቅሶ የተቀመጡ ቤቶች ነበሩ። በቀን ብርሃን፣ በጸጥተኛ ውሃ፣ ለለመደ ሰው አንድ ኪሎ ሜትር የማይሞላ ርቀት ይዋኛል። በጨለማ፣ ከነልብስ፣ በድንጋጤ ግን ያ ርቀት መቃብር ሆነ። ይህንን ያነሣሁት ማንንም ለማሸማቀቅ አይደለም። ርቀትን በዓይን መለካት እንደማይቻል ለማስታወስ ነው።

ሩቅ ሳንሄድም አስተማሪ አለን። የቱቲ ደሴት ሰዎች በወንዝ የተከበቡ ናቸው፤ ዋናን ከልጅነታቸው ያውቃሉ። ሆኖም በሙላት ወራት በዳርቻው ላይ «ጣያ» የሚሉትን የጥበቃ ቦታ አዘጋጅተው ሌሊትና ቀን በተራ ውሃውን ይጠብቃሉ። ውሃው ሲነሣ ጠባቂው ይጣራል፣ መንደሩ ይወጣል። ወንዙን በጣም የሚያውቁት ሰዎች ከዳር ሰው የሚያቆሙ ከሆነ፣ እኛ እንግዶቹ ምን ብለን ሁላችንም እንገባለን?

የዳር ተረኛ

ስለዚህ ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት ሐሳብ አንድ ነው፦ ወደ ውሃ ስትሄዱ አንድ ሰው ከዳር ይቅር። እንደ ዘበኝነት በተራ ይሁን። እሱ ሲታጠብ ሌላው ይወጣል። ተረኛው ልብስ አያጥብም፣ ስልክ አይነካካም፣ አይተኛም። ገንዘብ አይጠይቅም፤ የውጭ እርዳታም አይጠበቅለትም።

ተረኛው አጠገቡ ሁለት ነገር ይኑረው። አንደኛው ክዳኑ ጥብቅ ያለ ባዶ ጀሪካን ነው። ሃያ ሊትር የሚይዘው ባዶ ጀሪካን የተያዘበት ሰው አይሰጥምም፤ አፍንጫውን ከውሃ በላይ ለማቆየት ይበቃዋል። በወርዋሪው እጅ ርቆ እንዲሄድ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጉበት፤ ፈጽሞ ባዶ ከሆነ ነፋስ ይመልሰዋል። ሁለተኛው ገመድ ነው። ገመድ ከሌለ ነጠላ ከነጠላ ጋር ይታሰር። የሱዳን ሴቶች የሚለብሱት ቶብ ከ4 ሜትር በላይ ነው፤ ሁለት ቶብ ቢታሰር ጥሩ ገመድ ይወጣዋል። ቋጠሮውን ከውሃ ውጭ ጎትታችሁ ሞክሩት።

ሰው ሲሰጥም ተረኛው የሚያደርገው በቅደም ተከተል ይህ ነው። በመጀመሪያ ይጩኽ፣ ሰው ይጥራ። ቀጥሎ ረጅም እንጨት ካለ በደረቱ መሬት ላይ ተኝቶ ያቀብል፤ ቆሞ ካቀበለ ይጎተታልና። እንጨቱ ካልደረሰ ጀሪካኑን ይወርውር። ጀልባ ካለ በጀልባ ይሂድ። በባዶ እጁ ዘሎ አይግባ። ዋና ቢችልም አይግባ። ይህ ልብን እንደሚያደማ አውቃለሁ። ግን በአንድ ለቅሶ ፈንታ ሁለት ለቅሶ መቀመጥ ለማንም አይጠቅምም።

የሚሰጥመውን ሰው ማወቂያው ጩኸት አይደለም። ጸጥ ብሎ፣ ራሱ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ፣ አፉ ከውሃው እኩል ሆኖ፣ መሰላል የሚወጣ በሚመስል ሁኔታ እጁን ከሚታይ ውሃ በታች የሚያንቀሳቅስ ሰው እየሰጠመ ነው። ስሙን ጥሩት፤ ካልመለሰ ወርውሩለት።

ውሃ የወሰደው ሰው ራሱ ደግሞ ይህን ያስታውስ፦ ከወንዙ ጋር አትታገል። በጀርባህ ተንጋለል፣ እግርህን ወደ ውሃው መውረጃ አድርግ፣ ድንጋይ ቢመጣ እግርህ ይቀበለዋል። ትንፋሽህን ሰብስበህ በሰያፍ ወደ ዳር ቅዘፍ። ከገባህበት አንድ መቶ ሜትር ዝቅ ብለህ ብትወጣ ምንም አይደለም። ፖርት ሱዳን ሄዳችሁ ባሕር የምትገቡም ውሃው ወደ ውስጥ ከጎተታችሁ ቀጥታ ወደ ዳር አትታገሉ። ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝታችሁ ከጉተታው ከወጣችሁ በኋላ ወደ ዳር ተመለሱ።

ሌሎች የታወቁ ጥንቃቄዎችም አሉ። አረቄ የቀመሰ ሰው አይግባ። የሚጥል በሽታ ያለበት ብቻውን አይታጠብ፤ ሕመሙ የሚደበቅ ነውር አይደለም፣ ለጓደኛ መንገር ነፍስ ያድናል። ጥልቀቱን ሳታውቁ በጭንቅላት አትዝለሉ፤ አንገቱ ተሰብሮ ዕድሜውን ሙሉ የሚተኛ አለ። እኅቶቻችን ለገመናችሁ ብላችሁ ሲመሽ መውረዳችሁ ይገባኛል፤ ነገር ግን ጨለማ ውስጥ ተረኛም አያይም። ሰብሰብ ብላችሁ በብርሃን ሂዱ። ረጅም ቀሚስ ውሃ ሲጠጣ እግር ስለሚያስር ከጉልበት በላይ አትግቡ፤ ቀድታችሁ ዳር ላይ ታጠቡ።

ከውሃ የወጣ ሰው

አገራችን የተለመደ ነገር አለ። የሰጠመን ሰው እግሩን ይዞ መዘቅዘቅ፣ ወይም ውሃው ይውጣ ብሎ ሆዱን መጫን። ይህ አይደረግም። የሚያልቅበት ጊዜ ነው፤ የወጣውም ውሃ ተመልሶ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። የሰጠመ ሰው የሚፈልገው አየር ነው።

በጀርባው አስተኙት። ጠሩት፣ ነካ ነካ አድርጉት። የማይተነፍስ ከሆነ አገጩን ቀና አድርጋችሁ፣ አፍንጫውን ይዛችሁ፣ በአፉ 5 ጊዜ ትንፋሽ ስጡት፤ ደረቱ ከፍ ሲል ይታይ። ከዚያ የእጃችሁን መዳፍ በደረቱ መካከል አድርጋችሁ 30 ጊዜ በኃይል ጫኑ። ለትልቅ ሰው ጥልቀቱ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ነው። ቀጥሎ 2 ትንፋሽ፣ ደግሞ 30 መጫን። እርዳታ እስኪመጣ ወይም መተንፈስ እስኪጀምር አታቁሙ። ሲደክማችሁ ተቀያየሩ። ካስመለሰው ወደ ጎን አዙራችሁ አፉን ጥረጉ። መተንፈስ ሲጀምር በጎኑ አስተኝታችሁ ሸፍኑት። «ደህና ነኝ» ቢልም ወደ ክሊኒክ ይሂድ፤ ሳንባው ከሰዓታት በኋላ ሊታመም ይችላልና። በየሳምንቱ ከስብሰባው ዳስ ኋላ በትራስ ላይ አሳያችኋለሁ፤ ኑና በእጃችሁ ሞክሩት።

ጸጥ ያለው ውሃም ንጹሕ አይደለም

«እንግዲያው ወንዙን ትተን ቦይና ኩሬ ውስጥ እንታጠብ» የሚል ይኖራል። እዚያ ሌላ ጠላት አለ፤ ቢልሃርዝያ። ይህ በሽታ የሚተላለፈው ጸጥ ባለ ውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ አማካይነት ነው። ትሉ በቆዳ በኩል ይገባል፤ ሽንት ላይ ደም መታየት አንዱ ምልክቱ ነው። በሱዳን የመስኖ ቦዮች፣ በተለይም በገዚራ፣ ለብዙ ዘመን የታወቀ ሕመም ነው።

በዚህ ጉዳይ የእኛ ሰው ለዓለም ያበረከተው ነገር አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያ ተነሥተው እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል አረጋገጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1989ም ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለዚህ ሥራ ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። አንድ ሰው ቆሞ ውሃውን ስለተመለከተ የተገኘ እውቀት ነው። እኛ ግን በራሳችን እንዶድ ቦይ ውስጥ አንጨምር፤ ዓሣም ይገድላል። የእኛ ድርሻ ቦይ ውስጥ አለመታጠብ፣ ውሃ ውስጥ አለመሽናት፣ ምልክቱን ስናይም ክሊኒክ መሄድ ነው። መድኃኒቱ አለ፤ ያድናልም።

ሕፃናቱ

በመጨረሻ ለወላጆች። ሕፃን ልጅ ለመስጠም ወንዝ አያስፈልገውም፤ ግማሽ የሞላ ባልዲ ይበቃዋል። የውሃ ባልዲውን ክደኑ፤ ከዝናብ በኋላ የጭቃ ጉድጓዱን ድፈኑ ወይም እሾህ አጥር አድርጉበት። ኾር ሲፈስ ልጅ ተሸክማችሁ አትሻገሩ። እስከ ጉልበት የሚደርስ ፈጣን ውሃ ትልቅ ሰው ይጥላል። ቆም ብሎ መጠበቅ ነው፤ ኾር እንደመጣ ይሄዳል። ሐፊሩ ዳር ጭቃው ስለሚያንሸራትት ልጆች ውሃ ሊቀዱ ብቻቸውን አይላኩ። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ተከዜን ተሻግራችሁ የመጣችሁ እናቶች ልጅን ከውሃ ማትረፍ ምን ማለት እንደሆነ እኔ አልነግራችሁም። ያንን ወንዝ ያለፈ ልጅ በባልዲ አይወሰድብን።

ወገኖቼ፤

ከመካከላችን ወደ ካርቱም የተመለሱ አሉ፤ ለመመለስ የሚያስቡም አሉ። ዓርብ ሲመጣ ወደ ወንዙ የሚወርድ አይጠፋም፤ እኔም ብመለስ እወርዳለሁ። ወንዙን ጥሉ አላልኩም። የምለምናችሁ ሦስት ነገር ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የጓደኛችሁን ሙሉ ስምና የቤተሰቡን ስልክ በወረቀት ጻፉ። ባዶ ጀሪካንና የታሰረ ነጠላ ያዙ። አንድ ሰው ከዳር ይቅር።

ከዚህ ስብሰባ ስትወጡ በየረድፉ የመጀመሪያውን የዳር ተረኛ ምረጡ፤ ስሙን ነገ ጠዋት ለወጣቶች ኮሚቴ አስመዝግቡ። የመጀመሪያውን ተራ እኔ እይዛለሁ፤ ጀሪካኑም የራሴ ነው።